ከስህተት በኋላ ወደ ወንበሩ የማያየው ልጅ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2006 ነው። ዴቪድሰን የተባለ አነስተኛ የአሜሪካ ኮሌጅ የገባ አንድ የ18 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ጨዋታ ያደርጋል። ልጁ ቀጭን ነው፤ ቁመቱም ለዚህ ስፖርት አጭር ከሚባሉት ወገን ነው። አባቱና እናቱ የተማሩበት ትልቅ ዩኒቨርሲቲ እንኳ ስኮላርሺፕ ሊሰጠው አልፈለገም። በዚያ የመጀመሪያ ጨዋታ ታዲያ 13 ጊዜ ኳስ ለተጋጣሚ አስረከበ። ቅርጫት ኳስ ለማትከታተሉ ላስረዳ፤ አንድ ሙሉ ቡድን፣ ተሰላፊዎቹ ሁሉ ተደምረው፣ በአንድ ጨዋታ የሚያባክኑት ኳስ ከሞላ ጎደል ይህን ያህል ነው። ልጁ ብቻውን አባከነው።

እናንተ አሠልጣኝ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙ ሰው «ትንሽ ይብሰል» ብሎ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። አሠልጣኙ ቦብ መኪሎፕ ግን በቀጣዩም ጨዋታ አሰለፉት። ልጁ 32 ነጥብ አስቆጠረ። ስሙን የልጅ ልጆቻችሁ ሳይነግሯችሁ አይቀሩም፤ ስቴፈን ከሪ ይባላል። በኋላ አራት ጊዜ የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ ሻምፒዮን ሆኗል፤ በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክም ወርቅ አጥልቋል።

ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ መደምደሚያው «ተሰጥኦ የትም አይደበቅም» የሚል ነው። እኔ አልስማማም። ተሰጥኦ በደንብ ይደበቃል። አምስተኛውን ኳስ ሲያባክኑ ተጠርተው የተቀመጡና ከዚያ በኋላ ያልተነሱ ልጆች አሉ፤ ስማቸውን የማናውቀው ስላልተነሱ ነው። ከሪን ያወቅነው አንድ ትልቅ ሰው ከ13ኛው ስህተት በኋላም ፊቱን ስላላዞረበት ጭምር ነው።

እዚህ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ስለ አሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ማውራት ምን አመጣው የሚል አንባቢ ይኖራል። ያመጣው የእህቴ ልጅ ነው። እሱ ጋ ከመድረሴ በፊት ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ዘመዶቻቸው ውጭ ያሉ ብዙ ወላጆችና አያቶች «ልጁ ኮሌጅ ገብቶ ኳስ ይጫወታል» ሲባሉ፣ ትምህርት ትቶ ሜዳ የዋለ ይመስላቸዋል።

አሜሪካኖች ስፖርትን ከትምህርት ቤት አልለዩትም። እኛ ጋ ጎበዝ ተጫዋች የሚያድገው በሰፈርና በክለብ ነው፤ እነሱ ዘንድ ግን ኮሌጁ ራሱ ቡድን አለው፤ ተጫዋቹ ተማሪ ነው፤ ውጤቱ ከተበላሸ አይሰለፍም። ኮሌጆቹ በሦስት ምድብ ይከፈላሉ። አንደኛው ምድብ ቴሌቪዥን ላይ የምናያቸው ትልልቆቹ ናቸው። በሦስተኛው ምድብ ያሉት ደግሞ ለስፖርት ብለው ስኮላርሺፕ አይሰጡም፤ እዚያ የሚጫወት ልጅ የሚጫወተው ስለሚወደው ብቻ ነው። ልጁ በተለመደው አሠራር የሚጫወትበት አራት የውድድር ዘመን አለው። አራቱ ካለቀ አለቀ።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የወንዶች የኮሌጅ ጨዋታ 40 ደቂቃ ነው። ሜዳ ውስጥ በአንድ ጊዜ አምስት ተጫዋች ይገባል። አሠልጣኙ ለልጆቹ የሚያድለው እንግዲህ በጠቅላላው 200 ደቂቃ ነው። ቡድኑ 15 ልጆች ቢኖሩትና እኩል ቢካፈሉ ለእያንዳንዱ 13 ደቂቃ ከምናምን ይደርሰው ነበር። ግን ማንም አሠልጣኝ እኩል አያካፍልም፤ አብዛኞቹ ስምንት ወይም ዘጠኝ ልጅ ብቻ ያጫውታሉ። የቀሩት ማሊያ ለብሰው ይቀመጣሉ፤ ያጨበጭባሉ፤ ውኃ ያቀብላሉ። በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታቸው አንደኛ የነበሩ ልጆች መሆናቸውን አትርሱ። አሠልጣኝ እምነቱን የሚገልጽበት ቋንቋ ደቂቃ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። «አምንሃለሁ» ብሎ ሁለት ደቂቃ የሚሰጥ ሰው አላመነም።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። ባለፈው ክረምታቸው፣ ማለትም እኛ ገናንና ጥምቀትን በምናከብርበት ሰሞን፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ታናሽ እህቴ ቤት ሦስት ወር ከረምኩ። እናታችንም እዚያው ናት። ልጁ ከቤት የሁለት ሰዓት መንገድ በሚርቅ አንድ ትንሽ የሦስተኛ ምድብ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነው። ኳስ ሲጫወት ያደገ ልጅ ነው፤ አሥር ዓመት ሳይሞላው ጀምሮ የአፓርታማው ግቢ ውስጥ ኳስ ሲያነጥር ጎረቤት ክስ ያቀርብበት እንደነበር እህቴ አሁንም ትስቃለች።

እህቴ መጀመሪያውኑ በኳሱ ደስተኛ አልነበረችም። «ጋሼ፣ ገንዘብ እንኳ አይከፍሉትም እኮ! ሌሎቹ በኳስ ስኮላርሺፕ አገኙ ይባላል፤ የእኔ ልጅ በራሱ ብድር እየተማረ ነው በነፃ የሚሮጥላቸው» ትለኛለች። እናታችን ደግሞ ጨዋታው በስልክ በቀጥታ ሲተላለፍ መነጽሯን አድርጋ ትቀመጥና ጥያቄዋ አንድ ነው፤ «ይኼ ሰውዬ ልጄን ምን አድርጎት ነው የማያስነሳው?» ሰውዬው አሠልጣኙ ነው። ብናስረዳትም አልገባትም፤ ወይም ገብቷት አልተቀበለችውም። ለእሷ ልጅን ከልጆች መሐል ነጥሎ ማስቀመጥ ቅጣት ነው፤ ቅጣት ደግሞ ጥፋት ይፈልጋል።

ልጁን ራሱን ጠየቅኩት። የመጀመሪያ ዓመቱን እንዲህ አድርጎ ነገረኝ። ያኔ የነበረው አሠልጣኝ ያስገባዋል፤ አንድ ኳስ ያመልጠዋል፤ ወዲያው የመቀየሪያው ጡሩንባ ይነፋል። «አጎቴ፣ ኳሷ ከእጄ ስትወጣ የማየው ቅርጫቱን አልነበረም፤ ወንበሩን ነበር» አለኝ። ተነስቶ የሚመጣ ተቀያሪ አለ ወይስ የለም እያለ ማለት ነው። ይህን ካለኝ በኋላ ሌሎች ጨዋታዎችን ሳይ እኔም ዓይኔ እዚያ ላይ አረፈ። ከስህተት በኋላ ሁለት ዓይነት ልጆች አሉ። አንዱ ኳሷን ሊያስመልስ ወደ ኋላ ይሮጣል። ሌላው ለአንድ አፍታ አንገቱን ወደ አሠልጣኙ ያዞራል፤ በዚያች አፍታ ተጋጣሚው አልፎት ይሄዳል። ሁለተኛው ስህተት የሚመጣው ከመጀመሪያው ሳይሆን ከዚያ ከአንገት መዞር ነው።

በሁለተኛ ዓመቱ ሌላ አሠልጣኝ መጣ። ይኼኛው ልጁን ቢሮው ጠርቶ የነገረው ነገር ቀላል ነበር፤ በየጨዋታው የመጀመሪያ አጋማሽ ውስጥ አራት ደቂቃ አለህ፤ በእነዚያ አራት ደቂቃዎች ብታጠፋም ብታለማም አላወጣህም፤ ከእኔ የምትጠብቀው ጩኸት የለም፤ ጨዋታው ሲያልቅ ግን እያንዳንዷን ስህተት በቪዲዮ አብረን እናያለን። አራት ደቂቃ! እህቴ ስትሰማ «ለአራት ደቂቃ ነው ይኼ ሁሉ?» አለች። ልጁ ግን በእነዚያ አራት ደቂቃዎች ወደ ወንበሩ ማየት ተወ። በገናው ዕረፍት ማግስት አራቱ ዘጠኝ፣ አንዳንዴም 12 ሆኑ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር አለ። እምነት ሲባል ሙገሳ የሚመስላቸው አሉ። ዛሬ ዛሬ በእኛም አገር «ልጅን አበረታቱ» የሚለው ምክር ተበራክቶ፣ ልጁ ጫማውን በትክክለኛው እግሩ ስላጠለቀ ሁሉ የሚያጨበጭቡ ወላጆች አይቻለሁ። ቅርጫት ኳስ ላይ ግን ከሁሉ በላይ ታማኝ የነበሩት ሰው ብዙም አያሞግሱም ነበር።

ጆን ዉደን ይባላሉ። ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ነበሩ፤ ከዚያ በፊት የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ መምህር ነበሩ። ከ1964 እስከ 1975 ባሉት 12 ዓመታት 10 የአገር አቀፍ ዋንጫ ወስደዋል። የውድድር ዘመኑ የመጀመሪያ ልምምድ ላይ ለእነዚያ ሁለት ሜትር ለሚሆኑ ጎረምሶች የሚያስተምሩት ካልሲ እንዴት እንደሚጠለቅና የጫማ ክር እንዴት እንደሚታሰር ነበር። ካልሲ ከተጨማደደ እግር ይልጣል፤ የተላጠ እግር ልምምድ ያስቀራል፤ አመክንዮው ይኼው ነው።

በመጨረሻው የውድድር ዘመናቸው ሮናልድ ጋሊሞር እና ሮላንድ ታርፕ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች 15 ልምምድ ተቀምጠው አዩ። ሰውዬው የሚናገሩትንና የሚያሳዩትን አንድ በአንድ መዘገቡ፤ 2,326 የማስተማር ድርጊት ቆጠሩ። ከእነዚህ ውስጥ ሙገሳው 6.9 በመቶ፣ ቅሬታው 6.6 በመቶ ብቻ ነበር። ወደ 75 በመቶ የሚጠጋው ደግሞ ሙገሳም ቁጣም ያልሆነ ንጹሕ መረጃ ነው፤ እግርህን እዚህ አድርግ፣ ኳሷን ቀድመህ አቀብል፣ ክርንህን ሰብስብ። ተጫዋቹ ሲሳሳት ዉደን ትክክለኛውን ያሳያሉ፤ ከዚያ ልጁ እንዴት እንዳደረገው አስመስለው ያሳያሉ፤ ከዚያ እንደገና ትክክለኛውን። በጥቂት ሰከንድ ያልቃል፤ ልምምዱ ይቀጥላል።

ይህን ቁጥር ለእህቴ ሳነብላት ዝም አለች፤ ከዚያ «እኔ ግን ወይ አሞግሳለሁ ወይ እቆጣለሁ» አለች። ብዙዎቻችን እንደዚያ ነን። ለልጅ «ጎበዝ» ማለት ደስ ያሰኛል፤ «ደደብ» ማለት ደግሞ ንዴት ያበርዳል፤ ሁለቱም ስለ ልጁ እንጂ ስለ ሥራው አይናገሩም። «ክርንህን ሰብስብ» የሚል ሰው ግን ሳይናገረው የሚናገረው ነገር አለ፤ ይህን ማስተካከል ትችላለህ ማለቱ ነው። የማይችል መስሎ ለታየው ልጅ ማን ጊዜውን ያባክናል?

ስለ ዉደን ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር ልጨምር። ዩሲኤልኤ የገቡት በ1948 ነው። የመጀመሪያ ዋንጫቸው የመጣው በ16ኛው የውድድር ዘመናቸው ነበር። እሳቸውንም ያመነና የታገሠ ነበረ ማለት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የምንለው ለልጆች ብቻ አይደለም።

ውጤት ሲበላሽ እምነት ምን ይሆናል? የዚህ ፈተና በቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ ታይቷል። በማርች 2018 ቨርጂንያ በአገሪቱ ቀዳሚ ሆኖ ወደ ጥሎ ማለፉ ገባ። በዚህ ውድድር በየምድቡ አንደኛ ደረጃ የተሰጠው ቡድን ከ16ኛው ጋር ይጋጠማል፤ በወንዶች ታሪክ አንድም ጊዜ 16ኛው አሸንፎ አያውቅም ነበር። ቨርጂንያ 74 ለ54 ተሸነፈ። በታሪክ የመጀመሪያው። አገር ሳቀባቸው።

አሠልጣኙ ቶኒ ቤኔት ያን ምሽት ከተጫዋቾቻቸው ጋር ጋዜጠኞች ፊት ቀረቡ፤ ሽንፈቱን ለልጆቹ ትተው አልሸሹም። ዋነኞቹ ልጆች በዓመቱም አብረዋቸው ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ካይል ጋይ ነው፤ በዚያ ወቅት ጭንቀት ይታገለው እንደነበር ራሱ በአደባባይ ጽፏል። በ2019 የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ቨርጂንያ በኦበርን 62 ለ60 እየተመራ፣ ሊያልቅ 0.6 ሰከንድ ሲቀረው፣ ሦስት የቅጣት ምት የደረሰው ለዚህ ልጅ ነበር። ሦስቱንም አገባ። 63 ለ62። ከሁለት ቀን በኋላ ቴክሳስ ቴክን በጭማሪ ሰዓት 85 ለ77 አሸንፈው ሻምፒዮን ሆኑ። ሦስቱ ምቶች የልጁ ናቸው፤ አሠልጣኝ አልመታለትም። ግን ዓመቱን ሙሉ «ያ የተዋረደው ቡድን» ሲባል የከረመ ልጅ እጁ ሳይንቀጠቀጥ እዚያ መስመር ላይ እንዲቆም፣ ከኋላው የሚቆም ሰው እንደነበረው ማወቁ የረዳው ይመስለኛል።

እንዲህ ያለው ነገር አሁን እየከበደ ነው። ቀደም ሲል ኮሌጅ የቀየረ የአንደኛ ምድብ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች በአዲሱ ቦታ አንድ ዓመት ሳይሰለፍ መቀመጥ ነበረበት። ከ2021 ወዲህ ያ ገደብ ላላ፤ በ2024 ደግሞ ትምህርቱን በአግባቡ እስከተከታተለ ድረስ በየዓመቱ መቀየር ተፈቀደለት። ከጁላይ 2021 ጀምሮም ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ይችላሉ። ይህ ፍትሐዊ ነው፤ ለዘመናት አሠልጣኙ ሚሊዮን እየተከፈለው ልጁ አምስት ሳንቲም አያገኝም ነበር። ነገር ግን የውድድር ዘመኑ ባለቀ ቁጥር ከአንድ ሺህ በላይ የአንደኛ ምድብ ወንድ ተጫዋቾች ለዝውውር ይመዘገባሉ። ልጁ ደቂቃ ካላገኘ ይሄዳል። አሠልጣኙም ታግሦ ከማብሰል የበሰለ ልጅ ከሌላ ቦታ ማምጣት ይቀለዋል። ቶኒ ቤኔት ራሳቸው በኦክቶበር 2024፣ ውድድሩ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፣ ለዚህ አዲስ ዘመን የምመጥን ሰው አይደለሁም በሚል ሥራቸውን ለቀቁ። ገና 55 ዓመታቸው ነበር።

የእህቴ ልጅም በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ሊሄድ አስቦ ነበር። ሻንጣው ተዘጋጅቷል፤ ሁለት ኮሌጅ አናግሯል። እናቱ ደግሞ ኳሱን ትቶ እንዲማር ትፈልጋለች። ያቆየው ኮሌጁም እናቱም አይደሉም፤ የአሠልጣኙ መቀየር ነው። ዕድል ነው ልትሉ ትችላላችሁ። ነው። የሌላ ሰው ልጅ ያንን ዕድል አላገኘም ይሆናል፤ ለዚህም ነው መሄድ የሚፈቅደው ሕግ ክፉ ነው ለማለት አፌን የማልሞላው።

መቆየት የማይገባበትም ቤት አለና። ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዋንጫ ያመጡትን አሠልጣኝ ቦብ ናይትን በ2000 አሰናብቷል። ከዚያ በፊት በልምምድ ላይ የተጫዋች አንገት ሲይዙ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶ ነበር። የ1976 ቡድናቸው አንድም ሳይሸነፍ ዋንጫ የወሰደ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በወንዶቹ ያንን የደገመ የለም። እንግዲህ ዋንጫ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። «ጥብቅ ነው፣ ለልጁ ጥቅም ነው» የሚለው አባባል እኛ ዘንድ ከየኔታ ዘመን ጀምሮ የምናውቀው ነው፤ አንዳንዱ እውነት ነበር፤ አንዳንዱ ግን አለንጋ ብቻ ነበር።

ጥብቅነትና እምነት አብረው መኖር እንደሚችሉ የሚያሳዩት ሴት አሠልጣኝ ናቸው። ፓት ሰሚት የቴነሲ ዩኒቨርሲቲን የሴቶች ቡድን በ1974 ሲረከቡ 22 ዓመታቸው ነበር፤ የቡድኑን መኪና ራሳቸው ይነዳሉ፤ ማሊያውን ራሳቸው ያጥባሉ። በ2012 ሲለቁ 1,098 ጨዋታ አሸንፈው ስምንት ዋንጫ ወስደው ነበር። ዓይናቸው ብቻ እንደሚያስደነግጥ ተጫዋቾቻቸው ይናገራሉ። ክፍል ውስጥ ከፊት ሦስት ረድፎች ወደ ኋላ መቀመጥ በእሳቸው ቡድን ክልክል ነበር። ዕድሜ ልካቸውን የሚኮሩበት ቁጥር ግን ሌላ ነው፤ የተፈቀደላቸውን የጨዋታ ዘመን እዚያው የጨረሱ ልጆች ሁሉ ዲግሪያቸውን ይዘው ወጥተዋል። የልጅቱን ነገ ያየ ሰው ሲቆጣ ቁጣው ይታመናል።

ከዚህ ተነስቼ፣ ልጆቻቸው ወይም የልጅ ልጆቻቸው ባሕር ማዶ ለኮሌጅ ቡድን የሚታጩ ወላጆች ቢጠይቁኝ የምላቸው አለ። አሠልጣኙ ሳሎናችሁ መጥቶ ስለ ዋንጫና ስለ አዲሱ ጂምናዚየም ሲያወራ በትሕትና አዳምጡት፤ ቡናም አጠጡት። ከዚያ ግን ባለፈው ዓመት ብዙም ያልተሰለፈ ልጅ ስሙን እንዲነግራችሁና እንዲያገናኛችሁ ጠይቁት። የኮከቡን ሳይሆን የተቀማጩን። ያ ልጅ ለምን እንደማይሰለፍና ምን ቢያሻሽል እንደሚሰለፍ በግልጽ ከተነገረው፣ እዚያ ቤት እውነት አለ። «እኔ እንጃ፣ አይወደኝም መሰለኝ» ካላችሁ ደግሞ አስቡበት። ከአሠልጣኙ ጋር ስንት ልጆች ገብተው ስንቶቹ እንደተመረቁም ጠይቁ፤ አያሳፍርም።

ሁለተኛው ነገር የስልክ ነው። እህቴ ጨዋታ ባለቀ ቁጥር ትደውልና «ስንት አገባህ?» ትላለች። ልጁ በድምፁ ይኮማተራል፤ ከአጠገቧ ሆኜ ስሰማው ይታወቀኛል። እናታችን ስልኩን ትቀማትና «በላህ? ብርድ ነው እኮ፣ ለብሰሃል?» ትለዋለች። ከእሷ ጋር ሲሆን ልጁ ራሱ ስለ ጨዋታው ማውራት ይጀምራል፤ ያመለጠውን ሁሉ ሳትጠይቀው ይነግራታል። ከምትሰማው ግማሹ አይገባትም፤ «እሺ፣ እሺ የእኔ ጌታ» ትላለች እንጂ። አሠልጣኙ በቪዲዮ የሚሠራውን ሥራ ቤት ውስጥ መድገም ለምን ያስፈልጋል? ያ ሥራ ባለቤት አለው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ደጋግሞ የመጣብኝ ሰው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲው ዲን ስሚዝ ናቸው። ከ1961 እስከ 1997 አሠለጠኑ፤ 879 ጨዋታ አሸነፉ። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በማይክል ጆርዳን ነው። በ1982 የፍጻሜ ጨዋታ ቡድናቸው በጆርጅታውን 62 ለ61 እየተመራ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጊዜ ሲቀር፣ ተጋጣሚው የታወቁትን ልጆች እንደሚከብብ ገምተው ኳሷ ለአንደኛ ዓመቱ ልጅ ክፍት እንደምትሆን አሰቡ። ልጁ መታ፤ ገባ፤ 63 ለ62 አለቀ። ጆርዳን ገና 19 ዓመቱ ነበር። የሚገርመው፣ ያው አሠልጣኝ ከጥቂት ወራት በፊት ይህንኑ ልጅ ከነባሮቹ ጋር የታወቀ የስፖርት መጽሔት ሽፋን ላይ እንዳይወጣ ከልክለውታል፤ አንደኛ ዓመት ገና ምንም አልሠራም ብለው። ሽፋኑን ነፈጉት፤ የመጨረሻዋን ኳስ አደራ አሉት። የትኛው እንደሚበልጥ ልጁ ሳይገባው አልቀረም።

ስሚዝ አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው። ተጫዋች ሜዳ ላይ ሲደክመው ቡጢውን ወደ ላይ ያነሳል፤ ይቀየራል። በራሱ ፈቃድ የወጣ ልጅ ታዲያ ሲያርፍ፣ ዝግጁ ነኝ ብሎ ሲያምን፣ በራሱ ፈቃድ ይመለሳል። አሠልጣኙ አይወስኑም። ደክሞኛል ያለ ልጅ ቦታውን ካላጣ ለምን ይዋሻል? ነጥብ ያስቆጠረም ኳሷን ወዳቀበለው ጓደኛው በጣቱ እንዲያመለክት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ በየሜዳው የምናየው ምልክት።

በፌብሩዋሪ 2015 አረፉ። በቀጣዩ ወር ወደ 180 ለሚሆኑ የቀድሞ ተጫዋቾቻቸው ፖስታ ደረሰ። ኮከብ ለነበረውም፣ ወንበር ላይ ላለቀውም እኩል። ውስጡ በኑዛዜያቸው የታዘዘ የ200 ዶላር ቼክ ነበር፤ ከአሠልጣኝህ ግብዣ ወጣ ብለህ እራት ብላበት የሚል መልእክት ጋር።